መንደርን በእግር ማንበብ፦ ከሺንሺቾ ጓሮ እስከ ፖርቹጋል የድንጋይ መንደሮች

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ከአንድ ተማሪ የቀረበልኝና በወቅቱ በቅጡ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ለመስክ ልምምድ ከሺንሺቾ ከተማ በማለዳ ተነሥተን፣ ዋናውን መንገድ ለባጃጆቹ ትተን፣ በእግር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ወርደን ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ አንዱ ተማሪ ከዋንዛ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ «መምህር፣ እዚህ የምናየው ምንድን ነው?» አለኝ። የጠየቀኝ ሰንፎ አልነበረም። በቀደመው ሳምንት ስለ ፖርቹጋል ጥንታዊ መንደሮችና በመካከላቸው ስለተዘረጋው የእግር መንገድ አስተምሬ፣ ፎቶግራፍም አሳይቼ ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ የድንጋይ ግንብ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ በር ላይ የተቀረጸ መስቀል ይታያል። ከእኛ ፊት ግን እንሰት ነበር፤ ከእንሰቱም ጀርባ ሌላ እንሰት።

«ዝም ብለህ ተመልከት» አልኩት። ይህ የመምህር መልስ አይደለም፤ መልስ የጠፋው መምህር የሚሸሽበት ነው። ዛሬ የማቀርበው ያን ዕለት ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ነው።

በፖርቹጋል ልጀምር። ከስፔን ድንበር ወዲህ ባለው ቤይራ በሚባለው የአገሪቱ መካከለኛ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ «ታሪካዊ መንደሮች» የሚባል መርሐ ግብር አለ። በእሱ የታቀፉት መንደሮች 12 ናቸው። እነዚህን መንደሮች የሚያያይዝ፣ ተነሥተው ወደ ተነሡበት የሚመልስ፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ ተዘርግቷል። ከዚያ ሌላ ከጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ የተሠሩ 27 መንደሮች በሌላ ማኅበር ተደራጅተዋል። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የሚነሣው ሞንሳንቶ ነው፤ ቤቶቹ በታላላቅ ቋጥኞች መካከል ተሠርተዋል፤ አንዳንዱ ቋጥኝ ግድግዳ ነው፣ አንዳንዱም ጣሪያ። በሳላዛር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ የመንግሥቱ የፕሮፓጋንዳ ጽሕፈት ቤት ባካሄደው ውድድር ሞንሳንቶ «ከሁሉ ይልቅ ፖርቹጋላዊ የሆነ መንደር» ተብሎ ተመርጦ የብር አውራ ዶሮ ተሸልሟል። መንደርን የሚያወዳድርና የሚሸልም መንግሥት ከመንደሩ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ይህን ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እተወዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥናት ምክንያት ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ከእነዚህ መንደሮች በአንዳንዶቹ መካከል በእግሬ ተጉዣለሁ። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አስደነገጠኝ፦ ከጠዋት ጀምሮ ያገኘሁት ሰው ሁሉ እንደ እኔ መንገደኛ ነበር። ቤቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ምንጩ ይፈስሳል፤ ባለቤቱ የለም። ሞንሳንቶ የሚገኝበት የኢዳኛ አ ኖቫ ወረዳ ስፋቱ ከ1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ነዋሪዎቹ ዛሬ 10,000 አይሞሉም። የቀድሞው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ስፋት 1,356 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረው ሕዝቡ ግን 680,837 ነው። ሁለት እኩል ማለት የሚቻል የመሬት ቁራጮች፤ በአንዱ ላይ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ፣ በሌላው ላይ ሰባት ሰው እንኳ በቅጡ የለም።

ያ ሰው ወዴት ሄደ? አብዛኛው የሄደው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ፖርቹጋላዊ ከድህነት፣ ከአምባገነን አገዛዝና በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ይካሄድ ከነበረው ጦርነት ሸሽቶ ወጥቷል። ብዙዎቹ ያለ ፓስፖርት፣ በሌሊት፣ በእግር፣ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጠው ነው የሄዱት። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ልማድ በብዙ ምስክሮች ተመዝግቧል። ሄያጁ ፎቶግራፉን ለሁለት ይቀድደዋል፤ ግማሹን ለቤተሰቡ ይተዋል፣ ግማሹን ይዞ ይሄዳል። ፈረንሳይ በሰላም ሲደርስ የያዘውን ግማሽ ይልካል፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ቤተሰቡ ለአሻጋሪው ቀሪውን ገንዘብ ይከፍላል። አሻጋሪ ስል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሁላችን «ደላላ» የሚለውን ቃል እንሰማለን።

ስለዚህ ዛሬ ጎብኚው የሚደሰትበት ጸጥታ የተገኘው በስደት ነው። መንደሩ ቅርስ ለመሆን በመጀመሪያ ባዶ መሆን ነበረበት። ፖርቹጋላውያን ያተረፉትን ማትረፋቸው የሚያስመሰግን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ እኛ ከእነሱ የምንቀዳው የታሪኩን መጨረሻ ገጽ ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ፖርቹጋልንና ከምባታን ያገናኘሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1613 አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ፖርቹጋላዊ የጀስዊት ካህን፣ ፍቁረ እግዚእ ከተባለው የዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ጋር ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ። ዓላማው የቀይ ባሕሩን በር ትቶ በየብስ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ወደ ማሊንዲ የሚያደርስ መንገድ ማግኘት ነበር። በእናርያ በኩል አልፎ፣ የምን ተሻግሮ፣ ከባዱን የግቤን ወንዝ አቋርጦ ከምባታ ደረሰ። ከከምባታ ቀጥሎ አላባ ላይ ተያዘ፤ መንገዱም እዚያ ተቋረጠ፤ ወደመጣበት ተመለሰ። ታሪኩን የጻፈልን ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ነው፤ እሱም የቪዜዉ ከተማ ተወላጅ፣ ማለትም የዚያው የቤይራ ልጅ። ከ12ቱ ታሪካዊ መንደሮች አንዱም ስሙ አልሜይዳ ነው፤ በዚህ መገጣጠም ላይ ምንም ዓይነት ንድፈ ሐሳብ አልገነባም፤ ሳነብበው ግን ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ያን የጉዞ ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስነብብ ሁልጊዜ የማሳስባቸው አንድ ነገር አለ። ታሪኩ ስለ ገዢዎች፣ ስለ ጥርጣሬያቸው፣ ስለ ወንዝ ማቋረጫዎችና ስለ አደጋ ይነግረናል። ገበሬዋን ግን አናገኛትም። ፈርናንዴዝ የፈለገው በመንደሮቹ በኩል የሚያልፈውን መንገድ እንጂ መንደሮቹን አልነበረም። አልሜይዳ ስለ እንሰት ጽፏል፤ ከሙዝ ተክል ጋር እጅግ እንደሚመሳሰልም አስተውሏል። ይህ ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚታይ ነው። እንሰቱን ማን እንደተከለው፣ ስንት ጊዜ ነቅሎ እንዳዛወረው፣ ለማን ሠርግ ወይም ለየትኛው ክፉ ቀን እንዳስቀመጠው ለማወቅ ግን ወደ ጓሮ መግባት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ መጣሁ። ከሺንሺቾ በታች ባሉት ቀበሌዎች ስንጓዝ የምናየው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የምናየው ሥርዓት ነው። ከሩቅ ጫካ የሚመስለው ከቅርብ ሲታይ በጥንቃቄ የተደለደለ ነው። ቤቱ ከፊቱ ንጹሕ የሣር ሜዳ አለው፤ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ልጆች የሚጫወቱት፣ ለቅሶ የሚደረሰው እዚያ ነው። ከቤቱ ጎንና ጀርባ እንሰቱ ይቆማል፤ ለቤት የቀረበበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፤ የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ በየማለዳው በሰው ሸክም ወደ ሥሩ ይወሰዳል፤ የሚሸከመው ሰው ርቀቱን በጀርባው ያውቀዋል። በእንሰቱ ጥላ ሥርና አካባቢ ቡናና ጎመን አለ። ከዚያ ወዲያ በቆሎው፣ ስንዴው፣ ጤፉ፣ በመጨረሻም ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ። ከጓሮ ወደ ማሳ መቶ ርምጃ የተራመደ ሰው፣ የቤተሰቡን የጉልበት አከፋፈል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ ማለት ነው።

ሁለተኛው የምናየው ጊዜ ነው። እንሰት እንደ ከፍታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው ለመፋቅ የሚደርሰው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ያሉት እንሰቶች ዕድሜ የቤተሰቡ የሒሳብ መዝገብ ነው። የጉልበት ቁመት ያለው አለ፣ የሰው ቁመት ያለው አለ፣ ከጣሪያ በላይ የወጣ አለ፤ ሦስቱም በየተርታቸው ካሉ ቤተሰቡ እየበላ እየቆጠበ ነው። ትልልቆቹ ጠፍተው ትንንሾቹ ብቻ ከቀሩ፣ እዚያ ቤት በቅርቡ አንድ ነገር ደርሷል፤ ሕመም፣ ለቅሶ፣ የተበላሸ ምርት፣ ወይም ልጅን ለመላክ የተከፈለ ገንዘብ። ተማሪዎች ይህን ማንበብ ሲለምዱ አንድም መጠይቅ ሳይዘረጉ ብዙ ያውቃሉ። ማወቃቸውን ደግሞ በሰው ግቢ ቆመው ጮክ ብለው መናገር እንደማይገባቸው ሁለት ጊዜ አሳስባቸዋለሁ።

የዘርፉ መጻሕፍት ይህን አልዘነጉትም። ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት የእንሰትን ባህል የኅብረተሰብ ጥናት ርእስ አድርጎታል። የእንሰት ምርት ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ምግብ እንደሆነም በየጥናቱ ይጠቀሳል። ነገር ግን ቅርስን የሚመዘግቡ ዓይኖች ለረጅም ጊዜ ድንጋይ ፈላጊ ነበሩ። ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የድንጋይ እርከኑና የድንጋይ ቅጥሩ ተናገሩለት። እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን ያጣመረው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 መመዝገቡ ታዲያ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው፤ የእርሻ አኗኗርም ራሱ ሕንፃ ሊሆን እንደሚችል ተቀባይነት አገኘ። ከምባታ የድንጋይ አገር አይደለም። የሳር ቤቱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ይፈርሳል፣ ቦታውም ይዛወራል፤ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፈው ድልድሉ ነው፦ ሜዳው፣ ጓሮው፣ መንገዱ።

ስለ መንገዱ ስናነሣ ጎረቤታችንን ጉራጌን አለመጥቀስ ንፉግነት ነው። ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ግራና ቀኝ ቤት የተደረደረበት፣ ማንም ቆርሶ የራሱ የማያደርገው፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገድበት፣ ከአገራችን የመንደር ሥነ ሕንፃ ሥራዎች አንዱና ምናልባትም ትልቁ ነው። ማንም እንዳይገፋው የሚጠብቀው ደግሞ የሽማግሌዎች የባህል ሕግ ነው። ከሺንሺቾ በታች ያሉት መንገዶች እንደዚያ ሰፊ አይደሉም። መሬቱ ጠብቧል፤ አባት ለልጆቹ ሲያካፍል፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ በየዓመቱ አንድ ክንድ ከመንገዱ የሚቆረስባቸው ቦታዎች አይተናል። የእግር መንገድ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጎዳው የሬሳ ቃሬዛ የሚሸከመው ሰው ነው፤ አራት ሰው ጎን ለጎን ማለፍ አይችልምና።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ጉዳይ ስም ነው። በሁለተኛው የመስክ ጉዟችን ተማሪዎቹ የየመንገዱን፣ የየጅረቱንና የየሰፈሩን ስም በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዝዤ ነበር። ከምባትኛ ተናጋሪ የሆነች ተማሪ በአስተርጓሚነት ትመራን ነበር። አንዲት እናት በጓሯቸው ደጃፍ ያለችውን ጅረት ስም ስንጠይቃቸው አንድ ስም ነገሩን፤ ከሃምሳ ርምጃ በኋላ ያገኘናቸው አዛውንት ሌላ ስም ነገሩን። ተማሪዎቹ አንዱ ተሳስቷል ብለው ክርክር ጀመሩ። አስተርጓሚዋ ግን ዝም ብላ ሳቀች፤ ከዚያም አስረዳችን።

በከምባታ ባህል «ባሊሻ» የሚባል ሥርዓት አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ይህ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያለ ነው። በባሊሻ ግን ስሙ የሚጀምርበትን ክፍለ ቃል የሚጋሩትን ሌሎች ቃላትም አትጠራም። ቃሉ የዕቃ፣ የእንስሳ፣ የሥራ ስም ቢሆንም በሌላ ይተካል። ለዚሁ የተዘጋጁ ምትክ ቃላት አሉ፤ ከሌሉም ነገሩ ተገልጾ ይነገራል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ በከምባትኛ ላይ በሠራችው ሰፊ ጥናት ይህንን በዝርዝር መዝግባዋለች፤ ልማዱ እየደከመ መምጣቱንም ጽፋለች። ታዲያ እኛ በካርታችን ላይ «ትክክለኛውን ስም» ስንፈልግ፣ ያች እናት የነገሩን ስም ስሕተት አልነበረም። ከምራትነት ዘመናቸው ጀምሮ አንደበታቸው የተሸከመው አክብሮት ነበር። ለሰላሳ ወይም ለአርባ ዓመት በየቀኑ ውኃ የቀዱበትን ጅረት ሰፈሩ በሚጠራበት ስም ሳይጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በመኪና ያለፈ ሰው ይህን አይሰማም። በእግሩ ያለፈም ቢሆን ወንዶችን ብቻ ከጠየቀ አይሰማም።

ሴቶችን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ድልድይም ላንሣ። በዱራሜ አቅራቢያ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶጴ» የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙ የከምባታ ሴቶች በኅብረት መቆም ማለት ነው። እኚህ ሴት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ባደረጉት ተጋድሎ በዓለም ይታወቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው ያረፉት። ብዙ ጊዜ የማይነሣው አጀማመራቸው ነው። ስለ ግርዛት ለማስተማር ሲመጡ ሕዝቡ ያነሣላቸው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ። ድልድዩን አሠሩ፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ አዳመጣቸው። ስለ መንደር ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የአሠራር ትምህርት አላውቅም። የመንደሩ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ሄዶ ያላየ፣ የመንደሩን ችግር የሚያውቀው በወረቀት ነው።

አሁን ከባዱን ክፍል ልናገር። ከእነዚህ ቀበሌዎች የሚነሣው ረጅሙ የእግር ጉዞ የእኛ የመስክ ልምምድ አይደለም፤ ወደ ሐምባሪቾ ተራራ የሚወጡት 777 ደረጃዎችም አይደሉም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ነው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው የወጡት ወጣቶች ብዛት፣ በየቤተሰቡ ደጃፍ ላይ የሚታወቅ ነው። ደረጀ ፈይሳ በሐዲያ ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ለዚህ ፍልሰት ድህነት ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ፣ ሃይማኖታዊ ትንቢትና የማኅበራዊ ክብር ፍለጋም ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። አደጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል።

ፈርናንዴዝ አላባ ላይ የተቋረጠበትን፣ ወደ ደቡብ የሚያወጣውን መንገድ፣ ከ400 ዓመት በኋላ የዚህ አገር ልጆች አግኝተውታል። በመጨረሻ የሚያቋርጡት አንዱ አገርም ፖርቹጋልኛ የሚነገርበት ነው። ይህን ያገጣጠምኩት ለማስደነቅ አይደለም። የፖርቹጋልን መንደሮች ባዶ ያደረገው ጉዞ እና ይህ ጉዞ አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ነው፤ በሌሊት፣ በእግር፣ በአሻጋሪ እጅ። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። ሞንሳንቶ ላይ ጉዞው አልቋል፤ እዚህ ገና እየተካሄደ ነው። እኛ መንደሩን የምናጠናው ሰው እየወጣበት ሳለ ነው።

የወጣው ሰው ደግሞ ይመለሳል፤ ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። በፖርቹጋል መንደሮች የተዘጉ ቤቶች በየዓመቱ በነሐሴ ይከፈታሉ፤ ከፈረንሳይ የመጡት ልጆችና የልጅ ልጆች ለጥቂት ሳምንታት መንደሩን ይሞሉታል። በእኛ ዘንድ ይህ በመስከረም ነው፤ ከምባታ መሳላን፣ ሐዲያ ያሆዴን ሲያከብር ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ ሰው ይገባል፤ የእግር መንገዱ በሻንጣና በአዲስ ልብስ ይሞላል። የፖርቹጋል ስደተኞች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በመንደራቸው የፈረንሳይ ቤት አስመስለው ትልልቅ ቤት ሲሠሩ፣ የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት የመልክዓ ምድር ብክለት ናቸው ብለው ነቀፏቸው። እኛም ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ባለው አካባቢ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የተሠሩትን ባለ መስታወት ቤቶች ስናይ ከንፈራችንን እንመጣለን። እኔም መጥጫለሁ፤ እርማቴንም አግኝቻለሁ።

በአንድ ግቢ፣ የሳር ቤቱ ተዘንብሎ ቆሞ፣ ከጎኑ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶ አየን። ለባለቤቷ፣ ለአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ በአስተርጓሚያችን በኩል «እማማ፣ የሳር ቤቱ እንዴት ያምራል፤ ለምን አላደሳችሁትም?» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ ውበቱን ታያለህ፤ ጭሱን የጠጣሁት ግን እኔ ነኝ» አሉኝ። ቀጥለውም የሣሩን ዋጋ ነገሩኝ። ክዳን የሚሆን ሣር የሚበቅልበት ግጦሽ ታርሶ አልቋል፤ የቀረው ሣር በሸክም ይገዛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደገና መክደን ግድ ነው። ቆርቆሮውን ግን ልጃቸው አንድ ጊዜ ላከ፤ አለቀ። እሳቸው የሠሩት ስሌት ከእኔ የቅርስ ስሌት ይልቅ የተሟላ ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ ለማንም የሳር ቤት ባለቤት «አታፍርሱ» ብዬ አላውቅም። የምለው «ከመፍረሱ በፊት እንለካው፤ ምሰሶው ስንት እንደሆነ፣ ከብቱ የሚያድርበት፣ ምድጃው ያለበት ቦታ የት እንደሆነ ያሳዩን» ነው።

ጉብኝትን በተመለከተ አቋሜን በአጭሩ ልግለጽ። የሐምባሪቾ ደረጃ መሠራቱን እደግፋለሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወጥቶ አገሩን ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ተራራ ላይ የሚወጣ ጎብኚ መንደሩን የሚያየው ከላይ ነው። በሰሜን ወሎ በመቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሞከረው የማኅበረሰብ የእግር ጉብኝት ለእኛ የተሻለ አርአያ ይመስለኛል፤ እዚያ እንግዳውን የሚቀበለው፣ የሚያሳድረውና ገቢውን የሚካፈለው የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው አካሄድ ዕዳ ነው። ሃያ ተማሪ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ባለቤቷ ቡና ሳታፈላ፣ ቆጮና ጎመን ሳታቀርብ አትለቅም። እኛ «የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት» ብለን በሪፖርት እንጽፋለን፤ እሷ የሳምንቱን ቡና ጨርሳለች። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚወጡ ተማሪዎች ከአምስት አይበልጡም፤ ቡናና ስኳርም ይዘው ይሄዳሉ።

ሌላም ትእዛዝ አለኝ፤ ይህ የጨዋነት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። ማንም ተማሪ በቢላዋ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ለመቀመጫም ለጥላም አይጠቀም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚተላለፈው በዋናነት በተበከለ የመቁረጫ መሣሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የበሽታውን መንስኤ ባክቴሪያ ለይተው ካሳወቁ ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። በአንድ ጓሮ የቆረጠበትን ቢላዋ ይዞ በቀን አሥር ጓሮ የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ የሰባት ዓመት ቁጠባ ሊያጠፋ ይችላል። ገበሬዎቹ ለእንግዳ ክብር ሲሉ አይናገሩንም፤ እኛ ግን ማወቅ አለብን።

ያ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ወጥቷል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዚያው ቀበሌ በእግር መንገዶች ላይ ነው። ካርታውን ሲያስረክበኝ በጅረቷ ላይ ያን ቀን የተከራከርንባቸው ሁለቱም ስሞች ተጽፈው ነበር፤ የአዛውንቱም የእናቲቱም። የገምጋሚ ኮሚቴው አንድ አባል ከሁለቱ አንዱን እንዲሰርዝ ጠየቁት፤ ካርታ ለአንድ ቦታ አንድ ስም ነው የሚይዘው ብለው። ተማሪው አልሰርዝም አለ። ካርታው አሁንም እንዳለ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከዚህ ስትወጡ በስተግራ ታገኙታላችሁ።